እንጀራው ሲያንስ ጾሙ እንዳይፈርስ

በአገራችን «እንጀራ» የሚለው ቃል የምግብ ስም ብቻ አይደለም። ሥራ የያዘ ሰው «እንጀራ አገኘ» ይባላል፤ ከሥራ የወጣው «እንጀራው ተቋረጠ» ይባላል፤ አባት ሌላ ሚስት ቢያገባ ለልጆቹ «እንጀራ እናት» መጣች እንላለን። ስለዚህ አንድ ሐኪም በሽተኛውን «እንጀራ ቀንስ» ብሎ ባዘዘው ጊዜ ሐኪሙ የሚናገረው ስለ ጤፍ ሲሆን በሽተኛው የሚሰማው ስለ ኑሮው ነው። በዚህ ላይ በሽተኛው ጿሚ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ አስቀድሞ ተከልክሏልና እንጀራው ሲነሣ በትሪው ላይ ምን ይቀራል?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው። ጥያቄውንም ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። እኛ ሦስት የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የቤቱ ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ናቸው፤ የስኳር በሽታ ከያዛቸው ስድስት ዓመት አልፏል። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ከሕክምና ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ልጆቼ፣ እንግዲህ ከሁለት አንዱን ልተው ነው፤ ወይ ጾሙን፣ ወይ ሐኪሙን» አሉን። የሚተዉት ሐኪሙን እንደ ሆነ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ከዚህ በታች የምንጽፈውም አንብበን፣ ዐዋቂዎችን ጠይቀንና በምድጃ ላይ ሞክረን ያገኘነውን ነው እንጂ የሐኪም ማዘዣ አይደለም። ይህን ማለታችን ለወግ እንዳልሆነ አንባቢ ወደ ኋላ ላይ ይረዳዋል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሐኪሞች ካርቦሃይድሬት ብለው የሚጠሩት የምግብ ወገን ሦስት መልክ አለው፤ እነርሱም ስኳር፣ ስታርችና አሠር (ፋይበር) ናቸው። ስታርች ማለት ብዙ የስኳር ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። በምላስ ላይ አይጣፍጥም፤ ሆድ ከገባ በኋላ ግን ሰንሰለቱ ይፈታና ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። አሠርም እንዲሁ ሰንሰለት ነው፤ ነገር ግን የሰው ሆድ ሊፈታው ስለማይችል የደም ስኳር አይሆንም። የጤነኛ ሰው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ቅመም እያመነጨ ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች ያስገባዋል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ግን ኢንሱሊኑ ቢኖርም ሰውነቱ በደንብ አይታዘዝለትም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ስታርች ሲመጣበት ስኳሩ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርንና ልብን ይጎዳል።

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ። አንድ እንጀራ በሠፈራችን ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 350 ግራም ሆነ። ከዚህ ውስጥ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆነው ውሃ ነውና 130 ግራም ያህል ደረቅ ነገር ይቀራል። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው፣ ከዚህም አሠሩ 8 ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ እንጀራ ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ይዟል ማለት ነው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሐኪሞች «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» የሚሉት አመጋገብ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች የሆነውን ነው፤ ጥብቁ ደግሞ ከ20 እስከ 50 ግራም ይወርዳል። እንግዲህ በምሳ አንድ፣ በራት አንድ እንጀራ የሚበላ ሰው ወጡ ገና ሳይቆጠር 200 ደርሷል።

«ቀይ ጤፍ ከሆነስ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሣል፤ እትዬም አንሥተውታል። በከተማችን ቀይ ጤፍ ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት ነው የሚል ወሬ አለ። ጤፍ ብረትና አሠር ያለው፣ በሙሉ ፍሬው የሚፈጭ ምስጉን እህል ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የቀይና የነጭ ጤፍ ስታርች ይህን ያህል አይራራቅም። በቀይነቱ ተማምኖ ሁለት እንጀራ የሚበላ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በወጡ ላይ ያለ አግባብ የሚፈርዱ አሉ። ሽሮ ስታርች አለው፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው የሚበቃው 40 ግራም ያህል ዱቄት ስለ ሆነ ከ25 ግራም አይበልጥም፤ ከዚህም ከፊሉ አሠር ነው። ምስር በደረቁ በ100 ግራም ውስጥ 63 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢኖረው 11 ግራሙ አሠር ነው፤ 25 ግራም ያህል ፕሮቲንም አለው። ከሁሉ የባሰው በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው በያይነቱ ነው። በእንጀራው ላይ ድንች፣ በድንቹ አጠገብ ቀይ ሥርና ካሮት፣ በላዩ ክክ፣ በዳር ደግሞ ተጨማሪ ጥቅል እንጀራ! ስታርች በስታርች ላይ ይደረደራል፤ ጎመኑ ግን በጣት የምትነሣ ያህል ከጥግ ትቀመጣለች። ጾም ነው ብለን የምንበላው ምግብ በስሙ የአትክልት ምግብ ይባል እንጂ በእውነቱ የዱቄት ምግብ ሆኗል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የከለከለው የእንስሳትን ተዋጽኦ ነው፤ ትሪውን በዱቄት ሙሉ ያለ ግን የለም። ይህን ያደረግነው እኛው ነን፤ ምክንያቱም ዱቄት ይጠግባል፣ ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል።

ካርቦሃይድሬትን ቀንሶ የመብላት ሐሳብ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ሰው ዳቦን፣ ድንችንና ስኳርን ትቶ እንዴት እንደ ከሳ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1921 ዓ.ም. ፍሬደሪክ ባንቲንግና ጓደኞቹ በካናዳ በቶሮንቶ ኢንሱሊንን አገኙ። (የሁለቱ ስም መመሳሰል እኛን የታሪክ ተማሪዎችን ከማስገረም በቀር ለነገሩ የሚጨምረው የለም።) ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የስኳር ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ዋና መሣሪያ ምግብ መቀነስ ነበር። ነገር ግን ዊልያም ባንቲንግም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ በዳቦው ቦታ ያስገቡት ሥጋ ነው። ለጿሚ ይህ አይሆንም።

ለእኛ የቀረበው ምርመራ የተደረገው በዚያው በቶሮንቶ ነው። ዶክተር ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ውፍረትና የደም ቅባት ያለባቸውን ሰዎች ለአራት ሳምንት ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ በሆነና ከካርቦሃይድሬት የሚገኘው ኃይል ከመቶ 26 ብቻ በሆነ ምግብ አቆዩአቸው። ሌሎቹ ደግሞ ካርቦሃይድሬቱ የበዛ ምግብ ተሰጣቸው። ሁለቱም ወገኖች ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ከሱ፤ ጎጂው የደም ቅባት ግን ይበልጥ የቀነሰው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነበር። ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ ደስታችን ግን የምግቡን ዝርዝር እስክናይ ድረስ ነበር። የስንዴ ግሉተን፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ የሥጋ ምትክ፣ ከለውዝ የተጋገረ ዳቦ፤ ሁሉም በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ ከመደብር የሚነሣ ነው። ከዚህ ወገን ጥቂቱ በቦሌ አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች ቢገኝም የእኛን ሠፈር ሰው ኪስ የሚያውቅ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችን ተለወጠ። ያለ ፋብሪካ፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ በላፍቶ ገበያና በአንድ ምድጃ ይህ ነገር ይሆናል ወይ?

በገበያ በኩል ዕድለኞች ነን። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ወደዚሁ ወደ ክፍለ ከተማችን፣ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ስለ ተዛወረ፣ ማለዳ የተነሣ ሰው ጎመኑን፣ ቆስጣውን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ቃሪያውንና አቮካዶውን በቅርብ ያገኛል። ቆስጣ በ100 ግራም ውስጥ 4 ግራም እንኳ የማይሞላ ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። አቮካዶም ቢሆን ከ8 እስከ 9 ግራም ካለው ውስጥ አብዛኛው አሠር ነው። በጭማቂ ቤት በስኳር ተመትቶ ሲቀርብ ግን ይህ ሁሉ ምስጋና ይቀራል።

ይሁን እንጂ በጎመን ብቻ መኖር አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንጀራውን ይቀንሳል፣ በቦታው ምንም አያስገባም፣ በሦስተኛው ቀን ራሱን ያዞረዋል፣ በአራተኛው ቀን ወደ እንጀራው በብስጭት ይመለሳል። ከአንድ እንጀራ ሦስቱ ሩብ ሲቀነስ 75 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም 300 ካሎሪ ያህል ይጎድላል። ይህ ጉድለት መሞላት ያለበት ቅባትና ፕሮቲን ባለው እህል ነው። ቅባት በአንድ ግራም 9 ካሎሪ ሲሰጥ ስታርች 4 ብቻ ስለሚሰጥ፣ 50 ግራም ለውዝ (አንድ ደህና እፍኝ ማለት ነው) ያንን ጉድለት ሊደፍን ጥቂት ነው የሚቀረው። ከዚያ ደግሞ አያቶቻችን ለጾም ያዘጋጁአቸው የነበሩት የቅባት እህሎች አሉ፤ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ። ተልባ በ100 ግራም ውስጥ 29 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ቢባል 27ቱ አሠር ስለ ሆነ ወደ ደም የሚገባው ከኢምንት አይቆጠርም። ኑግም የአገራችን የራሷ ተክል ነው። እነዚህን ሁሉ ግን የምናውቃቸው በፍትፍት ነው፤ የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት። ሱፉን አክብረን እንጀራ እናፈስበታለን። እኛ ያደረግነው ፍትፍቱን ማስቀረት ነው። ሱፉ ፈላ፣ ተወቀጠ፣ በውሃ ተጠለለ፤ በእንጀራው ፈንታ የተቀቀለ ጎመንና የተከተፈ ቲማቲም ከቃሪያ ጋር ገባበት። እትዬ ቀምሰው ዝም አሉ፤ ቆይተው «ይህስ ይበላል» አሉ። ከእርሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አዚፋም እንደዚሁ ነው። የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ያለው ቀዝቃዛ ምግብ ስለ ሆነ በማንኪያ ይበላል፤ እንጀራ ግድ አይለውም። ስልጆም በጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ ሲበላ ጥሩ ነው።

ከሁሉ አብልጠን ልንናገርለት የምንወደው ግን ግብጦ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ግብጦን አያውቀውም፤ ከሦስታችንም የሚያውቀው የዳንግላው ልጅ ብቻ ነበር። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደካማ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅል፣ ከአተር ወገን የሆነ፣ ጠፍጣፋ ነጭ ፍሬ ነው። በ100 ግራም ደረቅ ፍሬ ውስጥ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ካርቦሃይድሬቱ 40 ግራም ሲሆን ግማሽ የሚጠጋው አሠር ነው። በፈረንጅ አገር የዚህ ወገን ዱቄት ለስኳር በሽተኞች ታሽጎ ይሸጣል። በእኛ አገር ግን የድሃ መክሰስና የአረቄ ግብዓት ተደርጎ ይቆጠራል።

ታዲያ ችግር አለው፤ ይኸውም መራራነቱ ነው። መራራ የሚያደርገው አልካሎይድ የሚባል መርዛም ነገር ስለ ሆነ እንዲያው ለጣዕም ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የጎጃም ሰዎች ይህን ሳይንስ ሳይነግራቸው ያውቁታል። ግብጦውን ይቆሉና በከረጢት አድርገው በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ለብዙ ቀናት ያኖሩታል፤ ወንዙ ምሬቱን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ልጣጩ ተፈልፍሎ ይበላል። በላፍቶ ግን የሚፈስ ወንዝ አለ ቢባል እንኳ ምግብ የሚነከርበት አይደለም። የቧንቧውም ውሃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ በባልዲ ነክረን ውሃውን ጧትና ማታ መለወጥ ጀመርን። በመጀመሪያው ጊዜ ቸኩለን በሁለተኛው ቀን ብናወጣው ከአፋችን ሊወርድ አልቻለም፤ አንደኛችንም የጀግንነት ያህል አንድ እፍኝ ውጦ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። በሁለተኛው ሙከራ ስድስት ቀን ሙሉ ጠበቅነው፤ በየቀኑ አንዳንድ ፍሬ እየቀመስን ምሬቱ ፈጽሞ ሲጠፋ አወጣነው። በጨውና በሚጥሚጣ ሲታሽ ከቡና ጋር እንደ ቆሎ ይበላል፤ ተፈጭቶም በሽሮ ዱቄት ላይ ግማሽ በግማሽ ይጨመራል። ደንቡ አንድ ነው፤ የሚመር ፍሬ አይበላም። ለውዝ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ሌላው አኩሪ አተር ነው። በገበያ በቀላሉ ይገኛል፤ በ100 ግራም ውስጥ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግማሽ ኪሎውን ማታ ነክረን ጧት ፈጨነው፤ በስስ ጨርቅ አጥልለን ወተቱን ደኅና አድርገን አፈላነው። ጥሬው ለሆድ ስለማይስማማ መፍላቱ ግዴታ ነው። ከእሳቱ አውርደን ሎሚ ስናንጠባጥብበት እንደ አይብ ረጋ፤ በጨርቅ ቋጥረን የወፍጮ መጅ ጫንበት። ይህ ቻይናዎች ቶፉ የሚሉት ነው። ብቻውን ሲበላ ጣዕም የለውም፤ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በበርበሬ ሲጠበስ ግን ጾሙ ውስጥ መሆናችንን ለጊዜው አስረሳን።

ግሉተንንም ሞክረናል። የስንዴ ሊጥ በውሃ እየታሸ ሲታጠብ ስታርቹ ይሄድና እንደ ማስቲካ ያለ ፕሮቲን ይቀራል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት የተረፈን በሁለት እጅ የሚያዝ ነበር። ነጩን ውሃ ልንደፋው ስንል እትዬ «በጾም እህል ትደፋላችሁ?» ብለው ባልዲውን ከእጃችን ወሰዱት፤ ለጎረቤት ልጆች አጥሚት ሆነ። እኛም ነገሩን አልደገምነውም።

አሁን ቀደም ሲል ያልነውን የምናስረዳበት ላይ ደርሰናል። በአራተኛው ቀን እትዬ እንደ ልማዳቸው ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ጧት ዋጡ፤ እንደ ልማዳቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም፤ የቀደመው ማታ ራታቸው ደግሞ እኛ ባዘዝነው መሠረት ሩብ እንጀራ ብቻ ነበር። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃቸው፣ የልጃቸውንም ስም ሳቱ። በጠና ደንግጠን ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን፤ ሐኪሙም እኛን በኃይል ገሠጸን፤ እውነቱን ነው። ያ ኪኒን ምግብ ቢበላም ባይበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለ የሚያስገድድ ነው። እንጀራው ሲቀነስ ኪኒኑ ካልተቀነሰ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ኢንሱሊን በመርፌ ለሚወስድ ሰውም አደጋው ይኸው ነው። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ እጅግ ያነሰ ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነበር፤ ከምድጃው በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነበረብን።

ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን ቀነሰ፤ ጧት ሳይበሉ እንዳይውሉም አዘዘ። እትዬ ይህን ለንስሐ አባታቸው አስረዱ፤ እርሳቸውም ለበሽተኛ እንደሚደረገው ሰዓቱን ፈቱላቸው። ስለዚህ ዓይነቱን እንደ ጠበቁ፣ ሰዓቱን ብቻ ትተው ጾሙን ፈጸሙ። በዚያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያየነውን እፎይታ ለመግለጽ አንችልም።

ሌሎች ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችን አጠር አድርገን እንጨምር። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፕሮቲን ከማብዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ስለ ሆነ ዓመቱን ሙሉ የማይፈስክ ሰው በኪኒን መተካት አለበት፤ ሜትፎርሚንም በረጅም ጊዜ ይህንኑ ቫይታሚን ያሳንሳል። ሽሮን በተመለከተ ደግሞ ከማይታወቅ ቦታ የተገዛ ርካሽ ዱቄት ጓያ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። እህሉን ለቅሞ ራስ ማስፈጨት ይሻላል።

የእትዬ ቀን በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ጧት የሱፍ ውሃ በጎመን፤ ምሳ ሩብ እንጀራ፣ ሽሮ በግብጦና ብዙ ቆስጣ በዘይት፤ ከቡና ጋር በቆሎና በፈንዲሻ ፈንታ ለውዝ፣ ቡናውም ያለ ስኳር፤ ራት አዚፋና አቮካዶ፣ አንዳንዴም ሩብ እንጀራ። ስንደምረው ከ100 እስከ 120 ግራም ይመጣል። እንጀራውን ገና ከመሶቡ ሳይወጣ በአራት መቁረጥ ያስፈለገው ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው የበላውን ሊቆጥር ስለማይችል ነው። ጉርሻ ደግሞ ፈጽሞ አይቆጠርም! ከፋሲካ በኋላ የተለካው ስኳራቸው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ነገር ግን መድኃኒቱም ተለውጧል፣ በእግር መሄድም ጀምረዋል፤ ስለዚህ ምስጋናውን ሁሉ ለግብጦው አንሰጥም።

ያልተከፈለ አንድ ዋጋ ግን አለ፤ እርሱም ድካሙ ነው። የታሸገ ነገር በሌለበት ቤት ይህ አመጋገብ የሚገዛው በብር ሳይሆን በሰዓት ነው። ግብጦው ስድስት ቀን፣ አኩሪ አተሩ ግማሽ ቀን፣ ሱፉ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሽሮና እንጀራ ግን በሩብ ሰዓት ይቀርባሉ። «አትክልት ብሉ፣ እንጀራ ቀንሱ» የሚል ምክር በየግድግዳው ሲለጠፍ ማን እንደሚወቅጥ፣ ማን እንደሚያጠልል አይጻፍም። በአብዛኛው ቤት የምትወቅጠው ራሷ በሽተኛዋ ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች ሴት ልጅ ናት። በእኛ ግቢ የእትዬ ልጅ በሥራ ላይ ስለምትውል ዘነዘናውን የያዝነው እኛ ነን፤ ጎረቤቶች በመጀመሪያ ሳቁብን፣ በኋላ አንዲት እናት የእርሷንም ሱፍ አመጣችልን። ሦስት ቤት ተባብሮ በቅዳሜ አንድ ላይ ሲያዘጋጅ ሰዓቱ በሦስት እንደሚካፈል የተማርነው ከእርሷ ነው። አሁን ሱፉን የሚያስፈላው አንዱ ቤት፣ ግብጦውን የሚነክረው ሌላው ነው፤ አኩሪ አተሩ የእኛ ድርሻ ነው።

የቀረን ችግር የግብጦ ነው። የዳንግላው ወንድማችን ያመጣው ኩንታል ሩብ እንኳ የማይሞላ ነበርና እስከ ፍልሰታ የሚያደርሰን አይመስልም። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ጎጃም የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች ስትመለሱ አምስት አምስት ኪሎ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ዋጋውን እንከፍላለን፤ የተቆላ ሳይሆን ጥሬውን።